ዋናው ተቆልፎ ቅጂው ሲከፈት
አንድ ፕሮግራም «ፈቃድ የለህም» ባለ ቁጥር የሰርቨር አስተዳዳሪው 777 ብሎ ለማንም የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ መብት ሲሰጥ ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ልቅ ፈቃድ ምን እንደሚያስከትል የይለፍ ቃል ታሪክ ያሳያል፦ ዩኒክስ ድሮ የተመሰጠሩ የይለፍ ቃሎችን የሚያኖረው «ፓስወድ» በተባለው ፋይል ነበር፤ ያንን ፋይል ደግሞ ማንኛውም ተጠቃሚ ማንበብ መቻል ነበረበት፤ የተጠቃሚን ቁጥር ወደ ስም የሚለውጡት ተራ ትእዛዞች የሚያዩት እሱን ነውና። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ሰዎች ምን ያህል ቀላል ቃል እንደሚመርጡ አሳይተዋል። እናም የፓስወድን ፋይል ቅጂ የወሰደ ሰው እቤቱ ተቀምጦ የገመታቸውን ቃላት አንድ በአንድ እያመሰጠረ ያመሳክራል፤ የሚያየው የለም፣ ስንት ጊዜ ሞከርክ ብሎ በሩን የሚዘጋበትም የለም። «ሻዶው» የተባለው የተለየ ፋይል የመጣው ለዚህ ነው፤ በዴቢያን ሊኑክስ ፈቃዱ 640፣ ባለቤቱ ሩት የተባለው የበላይ ተጠቃሚ፣ ከአንድ የተለየ ቡድን በቀር ለሌላው ዝግ ነው። ተጠቃሚው የራሱን ቃል ሲቀይር እንኳ ፋይሉን አይነካም፤ በሩት ሥልጣን የሚሠራው ትእዛዝ ይቀይርለታል። ይህ ሁሉ ተደክሞበት ሳለ የሻዶውን መጠባበቂያ ቅጂ ማንም ሊያነበው በሚችል በ644 የሚተው አስተዳዳሪ፣ በእኔ እይታ፣ ዋናውንም አልቆለፈም። ቅጂ ያስቀመጣችሁበትን ማውጫ ሁሉ ዛሬውኑ ፈትሹ።