የተተከለ ሁሉ አይፀድቅም

አለቆቻችን አንድ ነገር በጣም ይወዳሉ፤ ቶሎ የሚሞላ ቅጽ። የሳምንት ዕቅድ፣ የወር ሪፖርት፣ የስድስት ወር ግምገማ። በሌላ በኩል ደግሞ "ሥራ በቁጥር አይለካም፣ ሰውን ተዉት ይሥራበት" የሚሉ አሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አይደለሁም። በየሳምንቱ የሚታይ መለኪያ የሌለው ቡድን ይዘናጋል፤ ይህን ለመካድ ቢሮ ውስጥ ሠርቶ አለማወቅ ያስፈልጋል። ችግሩ መለኪያው የአጭር ጊዜ መሆኑ አይደለም። የምንቆጥረው ሌላ፣ የምንፈልገው ሌላ መሆኑ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይያዝና ሐይቅንና አምባሰልን ይመልከት። ለሐይቅ ከተማ ስሟን የሰጣት ውሃ መውጫ ወንዝ የለውም። ከዙሪያው ተራራ ታጥቦ የገባ አፈር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በዚህ አገር እርከንና ችግኝ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ የገበሬው ማሳ ጉዳይ ነው።

በደርግ ዘመን የወሎ ገበሬ በ"ምግብ ለሥራ" ተራራውን ሲቆፍር ኖሯል። የቀን ክፍያው 3 ኪሎ ግራም ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። መለኪያውም ግልጽ ነበር፤ ስንት ሜትር እርከን፣ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ችግኝ። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲወድቅ ግን በወሎ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለውም ደን ተጨፈጨፈ። ገበሬው አብዶ ነው? አይደለም። ዛፉ የእሱ አልነበረም፤ እሱ የተቆጠረለት የቆፈረው እንጂ ያተረፈው አይደለም።

ትምህርት ወስደናል? በ2003 ዓ.ም የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ሲጀመር "አንድ ለአምስት" መጣ። ትንሽ ቡድን፣ በየጊዜው የሚገናኝ፤ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ማን ተገኘ፣ ማን ቀረ ወደሚል ቆጠራ ወረደ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም መንግሥት በ12 ሰዓት ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ አለ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ ቁጥሩ ከ566 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የተከላው ቁጥር ከበሮ ይመታለታል፤ ስለ ፀደቀው የሚወጣው መቶኛ ግን ያን ያህል ድምቀት የለውም።

ከተሜው ወዳጄ፣ ይህ የገጠር ወሬ ነው ብለህ አትለፈው። "በዚህ ወር ስንት ሒሳብ ከፈትክ?" የሚባል የባንክ ሠራተኛ የአክስቱን ልጆች ሁሉ ሰልፍ ያስይዛል። ሒሳቡ ይከፈታል፣ ብር ግን አይገባበትም። ያ ሠራተኛ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቢኤስሲ የምንለውን መለኪያ ያቀረቡት የገንዘብ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ ያሳስታል ብለው ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ እሱም ነጥብ መሙያ ሆነ።

ታዲያ ምን ይሁን? መለኪያውን አታስረዝሙት፤ አቅኑት። ችግኝ ለተከለ ቡድን ሦስት የሳምንት ጥያቄ ይበቃዋል። ባለፈው ሳምንት ከተከልነው ስንቱ ቆሟል? የደረቀው ለምን ደረቀ፤ ከብት ገባበት ወይስ ጉድጓዱ ጥልቀት አነሰው? ማን፣ መቼ ይተካዋል? ክረምቱ ሳይወጣ ከተጠየቀ ይታረማል። ሰኔ ላይ የሚደርስ ዓመታዊ ሪፖርት ግን የሚደርሰው ለቀብር ነው።

ቁጥሩም መጀመሪያ ለቡድኑ ይነበብ፣ ከዚያ ለአለቃ። "ግማሹ ደርቋል" ብሎ እውነቱን ያመጣ ሰው በግምገማ ከተሸማቀቀ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ቁጥር ያማረ ውሸት ነው። ዛፉስ የማን ነው? ይህ ካልተመለሰ ምንም ዓይነት ቆጠራ አያድነንም። ገበሬውም ሆነ የባንክ ሠራተኛው ከውጤቱ ድርሻ ሳይኖረው ዓይኑን ሥራው ላይ እንዲተክል መጠበቅ ግፍ ነው።

እናም በሚቀጥለው ስብሰባ "ስንት ሠራችሁ?" ሲባል እጃችሁን አውጡ። "ስንቱ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።