እናቱ ያልታየች ቡችላ

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው የአበው ምክር ለጋብቻ ይሠራ አይሠራ ባለትዳሮች ይከራከሩበት። ለቡችላ ገበያ ግን ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

በአዲስ አበባ ሰፊ ግቢ ያለው፣ መጋዘን ያለው፣ ጋራዥ ያለው ሁሉ ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል። ፈላጊ ባለበት አቅራቢ አይጠፋም። አንዱ ቡችላውን በካርቶን አድርጎ መንገድ ዳር ይቆማል። ሌላው በደላላ በኩል «ንጹሕ የጀርመን ሼፐርድ ነው» አሰኝቶ በስልክ ይስማማና መኪና ውስጥ ያስረክባል። ገዢው የቡችላውን እናት አያይም፣ የተወለደበትን ቤት አያውቅም። በሬ ሲገዛ ጥርስ የሚያይ፣ መኪና ሲገዛ መካኒክ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ቡችላ ሲገዛ ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍላል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፉት እዚህም ይሠራል። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢ በማያውቅበት ገበያ፣ ገዢው ስለሚጠራጠር ለሁሉም ዕቃ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ የጥሩ ዕቃ ባለቤት አያዋጣውምና ይወጣል። የሚቀረው ብልሹው ነው።

የቡችላ ገበያም እንዲሁ ነው። ሐቀኛ አርቢ እናቲቱን በሚገባ ይመግባል፣ በወሊድ መካከል ያሳርፋታል፣ ያስከትባል፣ ቡችላውንም ቢያንስ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ሌላው ግን ውሻዋን በየወረቷ ያስጠቃል፤ ቡችላው ምግብ መፍጀት ሳይጀምርም አውጥቶ ይሸጣል። ሁለቱ በዋጋ ሲወዳደሩ የሚያሸንፈው የታወቀ ነው።

ይሁንና ሻጩ ያላወጣው ወጪ ገዢውን ቤቱ ድረስ ተከትሎት ይመጣል። ፓርቮ የተባለው የቡችላ ገዳይ በሽታ ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሲቦርቅ የተገዛው ቡችላ በሳምንቱ ደም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ያኔ ሻጩ የለም። ቫይረሱ በግቢው አፈር ለወራት ስለሚቆይ ቀጥሎ የሚገዛውንም ያልተከተበ ቡችላ ይጠብቀዋል። በጀርመን ሼፐርድ ላይ የሚበዛው የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ ገሃድ የሚወጣው ብዙ ብር ቀለብ ከፈጀ በኋላ ነው። ያለ ጊዜው ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ ሲያድግ ፈሪና ተናካሽ ሊሆን ይችላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ማስታወስ አያስፈልግም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

እንግሊዝ ይህን ሰንሰለት የቆረጠችው መካከሉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ ራሱ ያላረባ ነጋዴ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ገዢው ወደ አርቢው ሄዶ ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ውሻና ድመት በመደብር እንዳይሸጥ አግዳለች።

የአዲስ አበባ ገዢ ግን ሕግ አውጪን መጠበቅ አያስፈልገውም። እናቲቱን በቤቷ ሳያይ ቀብድ አይክፈል። ሲያያትም ልብ ይበል፤ የሌላ ውሻ አቁሞ «እናቱ ይህች ናት» የሚል አይጠፋምና፣ ጡቷ ወተት የያዘ መሆኑን፣ ቡችሎቹም ወደ እርሷ መሄዳቸውን ይመልከት። የክትባት ካርድ ሲሰጠው ወደ ፈረመው ሐኪም ይደውል። የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጠው በአብዛኛው ከ3 ወር ጀምሮ ስለሆነ፣ የ6 ሳምንት ቡችላ ተከትቧል የሚል ካርድ ያስጠረጥራል። የታመመውን ቡችላ «አሳዝኖኝ ነው» ብሎ መግዛትም ጽድቅ አይደለም፤ ሻጩ የሚያየው ገንዘቡን እንጂ ርኅራኄውን አይደለም፤ በዚያው ገንዘብ እናቲቱን ዳግም ያስወልዳታል።

ዋጋው የከበደው ሰው ደግሞ የሐበሻ ውሻ አለለት። ለአገሩ አየር አዲስ አይደለም፣ ሌባ ሲመጣም የዘር ሐረግ ሳይጠየቅ ይጮኻል።

የመጨረሻው ቃል ለደላላው ነው። ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ካርታ ሳያይ ስሙን አያስይዝም። በቡችላውም እንዲሁ፣ ገዢውን እናቲቱ ካለችበት በር ካላደረሰ ኮሚሽን አይቀበል። ይህን ያደረገ ደላላ ዛሬ ጥቂት ገበያ ቢያመልጠውም ነገ ገዢ የሚፈልገው እርሱን ነው። ሐቀኛው አርቢም ወደ ገበያው የሚመለሰው ያኔ ነው።