የማያምነውን ሰው ለምን በግድ ታስምሉታላችሁ?

"እግዜርን የማይፈራ ሰው ምኑ ይታመናል?" ለምትሉ ወዳጆቼ፣ እስቲ ከዚሁ ከሰፈራችን ከልደታ አንድ ነገር ላንሳ።

እዚህ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ምስክር በየሃይማኖቱ ይምላል። በሐሰት የሚመሰክረውስ? እሱም ምሎ ነው! "ፈጣሪ የለም" የሚል ሰው ግን ገና አፉን ሳይከፍት ውሸታም ይባላል። ለመሆኑ የማያምንበትን መጽሐፍ ይዞ ከሚምለውና "እኔ አላምንም፣ እውነቱን ግን እናገራለሁ" ከሚለው የቱ ነው የዋሸው? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ በአንቀጽ 136 ከመሐላ ሌላ ቃልን ማረጋገጥ እንደሚቻል አስቀምጧል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 በሃይማኖት ማስገደድን ከልክሏል። ከሕጉ የጠበብነው እኛ ነን።

የማታምኑትም ቶሎ አትሳቁ። በእናታችሁ ጾም ስታፌዙ፣ አማኝን ሁሉ ደንቆሮ ስትሉ ደርግን ታስታውሱኛላችሁ። ደርግ በ1971 አቡነ ቴዎፍሎስንም ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። እምነት ጠፋ? ግንቦት 1 ቀን ልደታ ማርያም መጥታችሁ ሕዝቡን እዩት።

እኔ አማኝ ነኝ። ተገዶ የወጣ "አምናለሁ" ለፈጣሪ ክብር አይጨምርም፤ ስድብም የሰው እምነት አያስጥልም። ነገ ልጃችሁ "አላምንም" ቢላችሁ ከቤት አታባርሩት። ቢያንስ እሱ አልዋሻችሁም።