ስለ ሣር ማጨጃ ትራክተር አመራረጥ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከሜሪላንድ የተጻፈ ነው። ጸሓፊዎቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ብዙ ዘመን በኪራይ ቤት ከኖሩ በኋላ ባለፈው ዓመት አንድ ኤከር ከሩብ የሚሆን ግቢ ያለው ቤት ገዝተዋል። ወንድማችን 54 ኢንች የሚያጭድ ትልቅ የጓሮ ትራክተር ለመግዛት አስበው ዋጋውን ጠይቀው ተመልሰዋል። እኅታችን ግን «ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፤ ከቤቱ በስተ ኋላ ያለው ቦታም ወደ ጅረት ያዘቀዝቃል፤ ገንዘቡም ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል» ይላሉ። ሁለቱም በፍቅር ተከራክረው ሳይስማሙ ስለ ቀሩ፣ እንግዲህ እናንተ ፍረዱን ብለው ጽፈውልናል።

ነገሩ የእነርሱ ብቻ አይደለም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ በአትላንታና በዳላስ ዙሪያ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዙ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። በአገር ቤት ሣር ሲያድግ ደስ ይላል፤ ለላም ይታጨዳል፣ ለበዓል ይጎዘጎዛል፣ የተረፈውም ይሸጣል። በአሜሪካ ግን ያደገ ሣር ቅጣት ያስከትላል። ለምሳሌ በቨርጂኒያ በፌርፋክስ ካውንቲ ግማሽ ኤከር በማይሞላ የመኖሪያ ቦታ ላይ ሣር ከ12 ኢንች በላይ እንዲያድግ መተው በደንብ የተከለከለ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ሣሩ በየሳምንቱ ስለሚበቅል፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚውል ቤተ ሰብ ለዚህ ሥራ የሚቀረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ወደ መኪና ማማተሩ አያስደንቅም።

አስቀድሞ «ትራክተር» የሚለው ስም እንዳያታልለን ያስፈልጋል። እኛ ትራክተር ስንባል ወዲያው የሚታየን በአርሲ ወይም በሑመራ እርሻ ላይ የሚጎተተው ማረሻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የተሠሩት ትንንሽ ትራክተሮችም በእርግጥ የሚያርሱ ነበሩ። ዊል ሆርስ የተባለው ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኢንዲያና ግዛት ሥራውን ጀመረ፤ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከብ ካዴት የተባለውን በ1961 ለገበያ አቀረበ፤ ጆን ዲርም በ1963 ሞዴል 110 ብሎ የሰየመውን አወጣ። የኋለኞቹ ሁለቱ በመጀመሪያ የወጡት 7 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ነበር። ዛሬ ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው መኪና በየመደብሩ በር ላይ ተደርድሮ ይታያል፤ ሆኖም ማረሻ ቢታሰርበት ካምቢዮው ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። ምክንያቱም ጉልበት በሞተር ብቻ አይለካም፤ ሸክሙን የሚችለው ሻንሲውና ከኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ካምቢዮ ነው።

እንግዲህ በገበያ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገር ግን የተለያዩ መኪናዎች አሉ ማለት ነው። አንደኛው የሣር ትራክተር ይባላል፤ ሥራው ማጨድና ቀላል ተሳቢ መጎተት ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 42 ወይም 46 ኢንች ያጭዳል፤ ዋጋውም ከ2,000 እስከ 3,500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሁለተኛው በትክክል የጓሮ ትራክተር የሚባለው ነው፤ ሻንሲው ወፍራም፣ የኋላ ጎማው ትልቅ፣ ካምቢዮው ዘይቱ የሚቀየርለት ጠንካራ ሲሆን፣ መሬት ይቆፍራል፣ በረዶ ይጠርጋል፣ ከባድ ጭነት ይጎትታል። የዚህኛው ዋጋ እንደ ዓይነቱ ከፍ እያለ ሄዶ በትልልቆቹ ላይ ከ10,000 ዶላር ያልፋል። ለማጨድ ብቻ ይህን መግዛት፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማድረስ የጭነት መኪና እንደ መግዛት ነው። አራት መደብ ጎመንና ድንች ለመትከል የሚያስብ ሰውም ቢሆን በዓመት አንድ ቀን መቆፈሪያ መኪና ቢከራይ ይበቃዋል።

ስፋቱንም በስሌት እንመልከተው። አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ፣ ማለት 4,047 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ከደብዳቤ ጸሓፊዎቻችን ግቢ ላይ ቤቱ፣ የመኪናው መግቢያና ዛፎቹ የያዙት ሲቀነስ የሚታጨደው አንድ ኤከር ይሆናል እንበል። 42 ኢንች የሚያጭደው መኪና በሰዓት 4 ማይል ቢሄድ፣ መዞሪያውና መደራረቡ ሳይቈጠር በ35 ደቂቃ ይጨርሳል፤ 54 ኢንች የሚያጭደው ደግሞ በ27 ወይም በ28 ደቂቃ። እንግዲህ በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛው ትርፍ ስምንት ደቂቃ ያህል ሆነ። በእግር እየተከተሉ የሚገፉት 21 ኢንች ማጨጃ በሰዓት 3 ማይል ፍጥነት ይህንኑ ቦታ አንድ ሰዓት ተኩል ከጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። ግማሽ ኤከር ወይም ከዚያ ያነሰ ሣር ያለው ሰው ከእግረኛው ማጨጃ ሌላ የሚያሻው አይመስለንም፤ ጤናም ይሆነዋል።

ትልቁ መኪና ሌላም ጣጣ አለው። የጓሮውን አጥር በር ሳይለኩ የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። 42 ኢንች የሚባለው እንኳ ሣሩን ወደ ጎን የሚተፋበት ሽፋን ሲጨመር ስፋቱ ከ50 ኢንች ሊያልፍ ይችላል፤ በሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ 36 ወይም 48 ኢንች ነው። ማደሪያውንም ማሰብ ይገባል፤ ዝናብና በረዶ ሲወርድበት የሚከርም መኪና ዕድሜው አጭር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የመሬቱ ቁልቁለት ነው። በተቀመጡበት የሚነዱ ማጨጃዎች የአያያዝ መጽሐፍ በአብዛኛው ከ15 ዲግሪ በላይ በሚያዘቀዝቅ ቦታ ላይ አትንዱ ይላል፤ አንዳንዶቹም ከዚህ ያነሰ ያዝዛሉ። ዲግሪውን ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ይያዝ፤ አንዱን ጫፍ በቁልቁለቱ የላይኛው ወገን መሬት አስነክቶ፣ በላዩ ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ ጣውላው አግድም እስኪስተካከል ድረስ ሌላውን ጫፍ ማንሣት ነው። ከተነሣው ጫፍ እስከ መሬቱ ያለው ርቀት 27 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቁልቁለቱ 15 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ትራክተር አይገባበትም። መለካቱም በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን እጅግ በሚያዘቀዝቀው ቦታ ሁሉ መሆን አለበት። ሜዳ የመሰለው ግቢ መካከሉ ጉብታ፣ ጫፉ ቦይ ሆኖ ይገኛልና።

በተፈቀደው ቁልቁለት ላይም ቢሆን ወግ አለው። በትራክተር ሲሆን ሽቅብና ቁልቁል እንጂ ወደ ጎን አግድም አይነዳም፤ ወደ ጎን ይገለበጣልና። በእግር በሚገፋው ግን ተቃራኒው ነው፤ አግድም ይታጨዳል እንጂ ሽቅብና ቁልቁል አይደለም፤ ሰው ተንሸራትቶ እግሩ ከምላጩ በታች እንዳይገባ ነው። ጤዛ ወይም ዝናብ ያረጠበው ሣር ጎማ ስለማይዝ ፍሬን ቢረገጥም መኪናው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ሳይሆን ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ይጀመር። በጅረትና በግንብ ጫፍ አጠገብ ያለው ሣር በእግረኛው ማጨጃ ወይም በእጅ ይቆረጥ።

እኅታችን ስለ ልጆቹ ያነሡት ነገር ከሁሉ ይበልጣል። በአሜሪካ በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች በሣር ማጨጃ ቈስለው ሐኪም ቤት ይገባሉ፤ እግራቸውን ወይም ጣታቸውን ያጡም አሉ። ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚደርሰው አባት ወይም አያት መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ፣ በስተ ኋላው መጥቶ የቆመውን ሕፃን ሳያይ ሲቀር ነው። ይህ ከጭካኔ ወይም ከቸልተኝነት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በፊት በነበረው ሳምንት አባቱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያዞረው ልጅ የሞተሩን ድምፅ በሰማ ጊዜ ጨዋታ የመጣለት መስሎት እየሮጠ ይመጣል፤ ድምፁ ብርቱ ስለ ሆነ የልጁ ጥሪ አይሰማም። ስለዚህ ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ ማዞር፣ ምላጩ ባይዞር እንኳ፣ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ነገር ነው። ጎረቤት ያደርገዋል ተብሎ መከተልም አይገባም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር 12 ዓመት ያልሞላው ልጅ በእግር የሚገፋውን፣ 16 ዓመት ያልሞላው ደግሞ የሚነዳውን ማጨጃ እንዳይዝ ይመክራል። በሚታጨድበት ጊዜ ትንንሾቹ በር ተዘግቶ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ከቤት ውስጥ ይቆዩ። የሚያጭደውም የተዘጋ ጫማ ያድርግ፤ በነጠላ ጫማ ሣር የሚያጭድ ጎልማሳ አይጠፋምና ነው ይህን መጻፋችን። ከመጀመሩም በፊት ድንጋይና የልጆች መጫወቻ ከሣሩ ላይ ይለቀም፤ ምላጭ የመታው ጠጠር እንደ ጥይት ይበራል።

ሲገዛም መጠየቅ ያለበት ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ነጂው ከመቀመጫው ሲነሣ ምላጩ ይቆማልን? ወደ ኋላ ሲነዳ ምላጩ በራሱ ይቋረጣልን? በእግር የሚገፉት ማጨጃዎች ከ1982 ጀምሮ መያዣቸው በተለቀቀ በ3 ሴኮንድ ውስጥ ምላጫቸው እንዲቆም በአሜሪካ ሕግ ተደንግጓል። አንዳንድ ሰዎች ከመቀመጫው በታች ያለውን ማጥፊያ አስቸገረን ብለው ሽቦውን ያገናኙታል። ይህን ያደረገ ሰው የሚሸጠውን አሮጌ መኪና በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

ፍርዱም ይህ ነው። ደብዳቤ ጸሓፊዎቻችን ጣውላውን ይዘው የኋላውን ቦታ ይለኩ። ከ27 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ባለ 42 ወይም ባለ 46 ኢንች የሣር ትራክተር ይበቃቸዋል፤ ቁልቁለቱ ለገደቡ የቀረበ ከሆነ ግን ከርካሾቹ ይልቅ ጠንካራ ካምቢዮ ያለውን ይምረጡ፤ ዘይቱ የማይቀየርለት ካምቢዮ በዳገት ላይ ሲግል ጉልበቱ ይደክማልና። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ለፊት ለፊቱ ሜዳ አነስተኛውን ትራክተር፣ ለቁልቁለቱ የእግረኛውን ማጨጃ ይያዙ፤ ሁለቱም ተደምረው ወንድማችን ከጠየቁት ዋጋ ያንሳሉ። ወደ ጅረቱ የሚወርደውን ጥግ ደግሞ ቍጥቋጦ ተክለውበት ከነጭራሹ ማጨዱን ቢተዉት እኛ እንመርጣለን። በዚህ ነገር ለእኅታችን ማድላታችን አይካድም።

በሁለት ዘንግ የሚነዳውና ባለበት የሚዞረው ማጨጃ ዛፍ በበዛበት ሜዳ ላይ ፈጣን ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ግን መሪ የሌላቸው ስለ ሆኑ፣ በቁልቁለት ላይ የኋላዎቹ ከተንሸራተቱ ነጂው መምራት አይችልም። ለዚህ ቤተ ሰብ አንመክረውም። በባትሪ የሚሠሩትም ዛሬ በርክተዋል፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ዘይትና ካንዴላ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ባትሪው እያረጀ ሲሄድ የሚያጭደው ቦታ ስለሚያንስ ከግቢው ስፋት አብልጦ መግዛት ያሻል።

ስለ ቀለሙ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከብ ካዴት፣ ትሮይ ቢልትና ክራፍትስማን የተባሉት ሦስቱ ስሞች በአንድ ባለቤት እጅ ናቸው፤ ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው ኩባንያ ክራፍትስማንን በ2017፣ የቀሩትን ሁለቱን ይሠራ የነበረውን ኤም.ቲ.ዲ.ን ደግሞ በ2021 ጠቅልሎ ገዝቷል። ከቀለሙ ይልቅ በአቅራቢያችሁ ቺንጋና ፊልትሮ የሚሸጥ፣ ሲበላሽም መጥቶ የሚወስድ ወኪል መኖሩን ጠይቁ።

ብዙ ኤከር ያለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን ሌላ ስሌት ነው። በዚያ ትልቁ መኪና ያዋጣል፤ የሚነዱትም የታወቁና የተማሩ ሁለት ሰዎች ይሁኑ እንጂ ከቅዳሴ በኋላ ያገኘ ሁሉ አይንዳው። ሦስት ጎረቤታሞች ዕቁብ ገብተው አንድ ትራክተር ቢገዙም መልካም ነው፤ ዘይቱን ማን እንደሚቀይር አስቀድመው ከተነጋገሩ።

አሮጌ ለመግዛት የምትሄዱ ደግሞ የሠራበትን ሰዓት የሚቈጥረውን መለኪያ ተመልከቱ፤ ጎንበስ ብላችሁም የምላጩን ሽፋን ዝገት እዩ። ከሁሉ በፊት ግን ሻጩ ቁልፉን ሳያዞር እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ እንድትሰሙ አልተፈለገም ማለት ነውና፣ ቀዝቅዞ እስኪነሣ ቆዩ ወይም በሌላ ቀን ተመለሱ።