መጽሐፉን ያጠፋው ማን ነው?

«በመጽሐፍ ገጽ ላይ መሳል ነውር ነው» ያሉኝ አንድ የማከብራቸው ወዳጄ ናቸው። በቤታቸው፣ በመስታወት ከተዘጋ መደርደሪያ ውስጥ፣ ከመቶ የማያንሱ መጻሕፍት አሏቸው። የአብዛኞቹ ቅጠል ገና አልተገለጠም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከእኚህ ሰው ጋር ልሟገት ነው።

የጠባችን መነሻ አሜሪካዊው ሠዓሊ ቲም ሮሊንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ፣ ደቡብ ብሮንክስ፣ ያስተማራቸው ልጆች «ትምህርት አይገባቸውም» ተብለው የተገፉ ነበሩ። እርሱ ግን ታላላቅ ድርሰቶችን ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር፤ እነርሱ እየሰሙ ይስላሉ። የመጽሐፉን ገጾች ነቅለው በሸራ ላይ በረድፍ ይለጥፋሉ፤ ሥዕሉ በፊደሉ ላይ ያርፋል። ከካፍካ «አሜሪካ» የወርቅ መለከቶች ወጡ፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መለከት አበጀ፣ ሁሉም በአንድ ሸራ ላይ ተጠላለፉ። ከፍሎበር «የቅዱስ እንጦንስ ፈተና» ደግሞ የኅትመት ሥዕሎችን ሠሩ። እኛ አባ እንጦንስ የምንላቸው የግብጹ መናኝ መሆናቸው ነው! የበረሃው አባት ብሮንክስ መድረሳቸው ለእኔ ከመስታወቱ መደርደሪያ የበለጠ ክብር ነው።

«ልጆቹ መጽሐፉን አጠፉት» ይላሉ ወዳጄ። ያልተነበበ መጽሐፍስ ምኑ ይጠፋል? ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤታችን «ፍቅር እስከ መቃብር» «እንዳይበላሽ» ተብሎ ተቆለፈበት። ሣጥኑ ሲከፈት ምስጥ በልቶት ተገኘ። ጉዱ ካሣን ያወቅሁት ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቼ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአንድ ነገር ግን እረታለሁ። በሥራዎቹ ላይ የመምህሩ ስም ሙሉ ሆኖ ይቀድማል፤ ልጆቹ «ኬ.ኦ.ኤስ.» በሚሉ ሦስት ፊደላት ታጭቀዋል፤ «የመትረፍ ልጆች» እንደማለት ነው። ሮሊንስ በ2017 እስኪሞት ድረስ ከነርሱ ጋር መሥራቱን ባከብርም፣ ይህ አይዋጥልኝም። ኅትመት የብዙ እጅ ሥራ ነው፤ አንዱ ይቀርጻል፣ ሌላው ቀለም ያለብሳል፣ ሦስተኛው ወረቀቱን ይጫናል። ስማቸውም አብሮ ይጻፍ።

በሰፈሬ ያሉ ስድስት ወጣቶች የሀዲስ ዓለማየሁን ድርሰት ከእኔ ጋር አንብበው በእንጨት ሊቀርጹት ተስማምተዋል። የጎደለን ገጹን የምንለጥፈው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ ከመደርደሪያዎ አንድ ቅጂ ይስጡኝ። እንደማልመልሰው ግን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ።