ዕድሜዋን የደበቀች ብር

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ቁይ ሄደን ነበር። ቁይን ለማታውቋት፣ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላት ግን ወረዳ ከተማ ናት፤ ጤፍ አገር። ዶሮው ተበልቶ ጠላው ሲደጋገም የቤቱ ጌታ ከመደቡ ራስጌ አንዲት ቋጠሮ አውጥተው ፈቱልን። ውስጧ ጥቁር ክብ ነገር ነበር። "ማረሻ ነው ያወጣት" አሉ። በአመድ ሲያሿት አንዲት ደልደል ያለች ሴት ብቅ አለች። ማርያ ትሬዛ። ጠገራ ብር።

እኛ ምን አልን መሰላችሁ? "ስንት ታወጣለች?"

ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣ። ሌላዋ ዩቲዩብ ላይ ያየቻቸውን ፈረንጆች አነሳች፤ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ የመጥረጊያ እጀታ የመሰለ ነገር ሜዳው ላይ እያወዛወዙ፣ "ጢጥ" ባለ ቁጥር ቆፍረው ሳንቲም የሚያወጡትን። መሣሪያው ሜታል ዲቴክተር ይባላል፤ ለነሱ እንደ ዓሣ ማጥመድ የእሑድ መዝናኛ ነው። እኛም በዚያው ሌሊት ገንዘብ አዋጥተን፣ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስልከን፣ የቁይን ማሳ ስናስስ አደርን… በሐሳብ።

አልገዛነውም። ያኔ ምክንያቱ የገንዘብ እጦት ነበር፣ አንዋሽም። አሁን ግን ገንዘቡ ቢኖረንም አንገዛው።

ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ እቴጌ ነበረች፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከሞተች በኋላ የተመታው ብሯ ሁሉ፣ የትም ይመታ መቼም ይመታ፣ 1780 ይላል። ቪየና መታው፤ 1780። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምታቱን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ በሚሊዮኖች አስመታው፤ 1780። እንግሊዞችም በዓመቱ ለንደን ላይ ጀመሩ፤ አሁንም 1780! ክብደቱ 28 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ ከመቶ 83 እጅ፣ መልኩም ያው። ዕድሜዋን ስትጠየቅ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የምትናገር አክስት አለች አይደል? እሷን ናት።

የአክሱም ሳንቲም እንዲህ አይደለም። የንጉሡን ስም ይናገራል፤ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ወጥቶ መስቀሉ መግባቱን ሳንቲሙ ላይ እናየዋለን። ከሳንቲም በቀር ስማቸው የትም የማይገኝ ነገሥታትም አሉ። የምኒልክ ብርም "1887" ብሎ ዓመቱን ይዟል። ጠገራ ግን ዝም ነው። የጎጃምን ገበያ የገዛው ደግሞ እሱ ነው፤ በባሶ ገበያ ወርቁም፣ ቡናውም፣ (ማፈሩ ለኛ ይሁንና) ባሪያውም በጠገራና በአሞሌ ሲለወጥ ኖሯል። የምኒልክ ብር ከወጣ በኋላም ገበሬው ጠገራውን የሙጥኝ አለ።

እንግዲህ ቁይ ማሳ ውስጥ የተገኘችውን ጠገራ ማን ቀበራት? በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ሽፍታ የፈራ ነጋዴ? በራስ ኃይሉ ዘመን ግብር የሸሸ ባላገር? ወይስ በጣሊያን ጊዜ፣ በላይ ዘለቀ በዚያው በብቸና አውራጃ ሲዋጋ፣ ቤቱ ሊቃጠል ነው ብሎ ከነልጆቹ ጫካ የገባ ሰው? የሮሙን ከቪየናው የሚለዩ አዋቂዎች አሉ። እነሱም ቢሆኑ የት እንደተመታች ይነግሩናል እንጂ ማን እንደቀበራት አይነግሩንም። እሱን የሚናገረው አጠገቧ ያለው ነገር ነው፦ ገሉ፣ አመዱ፣ የቤቱ መሠረት፣ የጉድጓዱ ጥልቀት። መሣሪያው "ጢጥ" ይልና ብሯን ያወጣል፤ ቆፋሪው የቀረውን ያፈርሰዋል። ሸክላ "ጢጥ" አይልም።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን "ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት" ነበር። ያን ዕለት ከእኛ አፍ የወጣው "ስንት" ብቻ ነው።

መሣሪያውን በደፈናው ማውገዝ አንፈልግም። እንግሊዝ አገር ሆክስን በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋበትና መሣሪያ ያለውን ወዳጁን ጠራ። ወዳጁ መዶሻ ሲፈልግ የሮማውያን ወርቅና ብር አገኘ። ጥቂት አወጣና እጁን ሰብስቦ አስታወቀ! በማግስቱ ባለሙያዎች መጥተው ቆፈሩት፤ ከ14 ሺህ 800 በላይ ሳንቲም ወጣ፤ ሣጥኑ ውስጥ ዕቃው እንዴት እንደተደረደረ ሳይቀር ታወቀ። ሰውየው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸለመ፣ ለገበሬውም አካፈለው። መዶሻውም ተገኝቶ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል።

እኛስ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ማሰስን ይከለክላል። ይህን ሁሉም በወሬ ያውቀዋል፤ "ትታሰራለህ" ተብሎ። ይኸው አዋጅ ግን በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ጠብቆ ያሳውቅ፣ ሲያስረክብም ተገቢ ሽልማት ያግኝ፣ ያወጣው ወጪም ይተካለት ይላል። ይሄኛውን ለቁይ ገበሬ ማን ነገረው?

ጠገራ ሁሉ ሙዚየም ይግባ አንልም። በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ብር ነው፤ ብርቁ ብሩ ሳይሆን የተገኘበት ቦታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ደብተር ይኑረው፦ የማን ማሳ፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር። ፎቶ ያንሱ፣ ጠገራዋን ለባለማሳው ይመልሱለት። ገበሬው የሚፈራው መነጠቅን ነው፤ ሲፈራ ወደ አንጥረኛው ይሄዳል፣ አንጥረኛው ደግሞ ወደ እሳቱ። ማሰስ ላማራችሁ (እኛንም አምሮናል) የአያቶቻችሁ ሣጥን አለላችሁ። ድሪውን አውጥታችሁ "ይሄ ከማን የመጣ ጥሎሽ ነው?" በሉ፤ ቁፋሮ የለው፣ ፈቃድ የለው።

በቅርቡ ወደ ቁይ ደወልን።

"አያ፣ ያች ጠገራስ?"

"ለልጂቱ መስቀል ሆነችላት።"

"ስትወጣ አጠገቧ ሌላ ነገር አልነበረም?"

"ኧረ የእንስራ ገል ነበር፤ ውስጡ ነበረች እኮ።"

"ገሉስ የት ደረሰ?"

ሳቁ። "ገሉንማ ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱበት ከረሙ።"