ወተትና ሣር፦ የንግድ ጽሑፍ ሆሄያት በወላይታ ሶዶ

ግልጽ ደብዳቤ
ለወላይታ ዞን አስተዳደር
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ በማኅበራዊ ሚዲያ ለሚወጡ የንግድ ጽሑፎች የአጻጻፍ መመሪያ ስለማዘጋጀት

በወላይትኛ ወተትንና ሣርን የሚለያቸው የአንድ ድምፅ መጥበቅና መላላት ነው። «ማታ» የሚለው ቃል «ታ» ሲጠብቅ ወተት፣ ሲላላ ሣር ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ጥብቀትን ስለማያሳይ ሁለቱ ቃላት በእርሱ ሲጻፉ አንድ ይሆናሉ፤ አማርኛ አንባቢም ምሽትን ይረዳል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ወላይትኛ ግን የሚጠብቀውን ተነባቢ በሁለት ሆሄ ይጽፋል፣ ረጅሙን አናባቢ ይደግማል፣ ለ«ጠ» ድምፅ ኤክስን፣ ለ«ጨ» ሲን፣ ጉሮሮ ላይ ለሚቋረጠው ድምፅ ደግሞ የ7 ቁጥርን ምልክት ይጠቀማል። ስለዚህ በቴሌግራም ወተት የሚያስተዋውቅ ነጋዴ አንድ ሆሄ ቢዘልል የጻፈው የሣር ማስታወቂያ ነው።

የሶዶ ነጋዴ በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል መካከል ይሠራል። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ስትሆን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በአማርኛው በኩል የሚታየው ልዩነት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ ነው፤ «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር» ትርጉም አይለውጡም፣ ምሁራንም ለረጅም ጊዜ የተከራከሩበት ነው። ሆኖም አንድ ሱቅ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ከጻፈ ስልክ ላይ የሚፈልገው ገዢ ላያገኘው ይችላል። የወላይታው የበርበሬ ማባያ አንዴ «ዳጣ» አንዴ «ዳታ» ተብሎ ሲጻፍ ጉዳቱ ይበልጣል፤ «ዳታ» ለብዙ የስልክ ተጠቃሚ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ስሕተት ነው፦ በ«ነው» ፈንታ «ነዉ» መጻፍ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝን መተው፣ ዋጋው የኪሎ ይሁን የጣሳ አለመግለጽ።

የዋጋ መለኪያን አለመግለጽ የሕግም ጉዳይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በአጻጻፍ ግድፈት የተዛባ ዋጋ ገዢውን የሚጎዳው ሆን ተብሎ የተዛባውን ያህል ነው።

መፍትሔው ግን ቅጣት ሊሆን አይችልም፤ ወላይታ ከላይ የወረደ የቋንቋ ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል በመራራ ዋጋ ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የአጻጻፍ ሥርዓት የሚጸናው ተጠቃሚው ሲቀበለው ነው።

ስለዚህ ከዞኑ አስተዳደር የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራንና ከነጋዴዎች ጋር መክሮ፣ በወላይትኛና በአማርኛ የዕቃዎችን፣ የመለኪያዎችንና የሥርዓተ ነጥቦችን አጻጻፍ የያዘ ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ማዘጋጀት። ሁለተኛ፣ መመሪያውን የንግድ ፈቃድ ሲወጣና ሲታደስ በነፃ ማደል። ሦስተኛ፣ በራሱ መጀመር፤ «ወላይታ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዴ በአይ አንዴ በዋይ፣ አንዴ በአንድ ቲ አንዴ በሁለት ቲ ይጻፋል። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች በሰሌዳቸውና በገጾቻቸው ላይ የወላይታን ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጻፉ፤ ነጋዴው ይከተላል።